እንጅባራ ቅርብ ነው

ነሐሴ 26

ዝናብ። ተሳፋሪ የለም። ፈረሴ ዳማ ገለባውን ሲበላ እኔ አነበብኩ። ከዳንግላ ባለጋሪዎች ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ… ሌሎቹም እንችላለን ይላሉ። አላመንኳቸውም።

ልጄ ፀደይ አሥራ ሁለተኛን አለፈች። ስለ እንጅባራው ዩኒቨርሲቲ የሚያስረዳ ቀጭን መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ሰጥተዋት ይዛ መጣች። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ግብርና አለ። ምህንድስና አለ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ያሰብኩት ሐዋሳን ነው።»

«ሐዋሳ ምን አለ? ዓሣ! እንጅባራ ቅርብ ነው።»

ጠዋት በሚኒባስ ሄዳ ለእራት ትደርሳለች። ይህን ግን አልነገርኳትም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ማታ እዚህ ቤት የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው። የእኔን ማን ይቆጥረዋል?

ጳጉሜን 3

«መጽሐፉን ጨረስኩት» አልኳት።

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ ሽፋኑ!»

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የሚለው ገጽ ላይ ነው የቆምኩት። ዓይኔ ደከመ… ማን ያውቅብኛል?

ከመናኸሪያ ለጫንኩት ጎረምሳ ስለ ዩኒቨርሲቲው ሳስረዳ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ነው የተማሩት?» አለኝ። «ምን ተማርኩ፣ አስተማርኩ እንጂ!»

መስከረም 8

ፀደይ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ሞላች። እንጅባራ አንደኛ፣ ሐዋሳ ሁለተኛ። «ለአንተ ብዬ ነው» አለችኝ። ዳማን በቀይ ክር አስጌጥኩት። አፈረ መሰለኝ።

ጥቅምት 2

እንጅባራ ደረሳት! ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ አወራሁ። ስመለስ ብርድ ልብስ ታጥፋለች።

«ምን ያደርግልሻል?»

«እንጅባራ ይበርዳል፣ አባዬ።»

«ማታ ማታ እዚህ አይደለሽ?»

መጽሐፉን አመጣች። ከቤተ መጻሕፍቱ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ገለጠችልኝ። ራሴ አነበብኩት። ተማሪዎች… በግቢው… ማደሪያ… ያድራሉ። ቀስ ብዬ። በጣም ቀስ ብዬ።

«ጨረስኩት ስትለኝ ያወቅህ መስሎኝ…»

«አውቃለሁ እንጂ!»

«አዘንክ?»

«እኔ? ቤቱ ሊሰፋልኝ!»

ሐዋሳዋን አስቀረሁባት። እኔም ማታዋን አላገኘሁም።

ጥቅምት 10

እስከ መናኸሪያ በጋሪ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲያ ዳማ አይችልም።

ጥቅምት 11

ለሁለት ሰው ወጥ ሠራሁ። ረስቼ ነው።

ኅዳር 5

አንዲት እናት ከነልጇ ተሳፈረች። ልጅቱ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ናት።

«የእንጅባራው ዩኒቨርሲቲ እንዴት ነው፣ ጋሼ?» አለችኝ እናትየው።

ከማደሪያው ጀመርኩ። ፀደይ በስልክ እንደነገረችኝ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ይሆናሉ። አልጋው ተደራራቢ ነው። የእኔ ልጅ የላይኛው ላይ ናት፣ በመስኮቱ በኩል። ሌሊት ይበርዳል፤ ብርድ ልብስ ሁለት ይያዝ።

«ቅርብ አይደል? ማታ ማታ አይመጡም?»

«አይመጡም» አልኳት። ቀልድ ፈለግኩ፣ አጣሁ።

የልጇን እጅ ያዘች። ልጅቱ ወደ ውጭ ታያለች።

ወሬዬ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ሳይደርስ ወረዱ። የቀረውን ለዳማ ነገርኩት።