የቆቃው ጠላቂ፣ የአቶ ሙሉብርሃን ገብረኪዳን ሕይወት

አቶ ሙሉብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ገብረኪዳን ንዋይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋወርቅ ተክለሃይማኖት በጥቅምት ወር 1931 ዓ.ም. በቡልቡላ ተወለዱ። አባታቸው ከመንዝ ወርደው በመንገድ ዳር ጨርቅና ጨው የሚነግዱ ሰው ስለነበሩ፣ ልጃቸው አማርኛን ከቤት፣ ኦሮምኛን ከጎረቤት ይዘው አደጉ። ፊደል ከቄስ ዘንድ ቆጠሩ። ዋና ግን ማንም አላስተማራቸውም፤ የቡልቡላን ወንዝ ራሳቸው ተለማመዱት። ለዚህም ከወይዘሮ ሸዋወርቅ እጅ ብዙ አርጩሜ ቀምሰዋል።

ናዝሬት አጎታቸው ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ በ1951 ዓ.ም. በባሕር ኃይል ተቀጥረው ምፅዋ ወረዱ። የጠላቂነትን ሙያ ያገኙት እዚያ ነው። በ1961 ዓ.ም. በክብር ተሰናብተው ወደ ናዝሬት ተመለሱና የውሃ ፓምፕ መጠገኛ ከፈቱ። በተከታዩ ዓመት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ኃይለየሱስን አግብተው አየለችንና ንዋይን ወለዱ።

ከሞጆ እስከ ላንጋኖ ውሃ የበላው ነገር ሁሉ ወደ አቶ ሙሉብርሃን ይመጣ ነበር። የሰመጠ ጀልባ ያወጣሉ፣ በእምቦጭ የታፈነ የፓምፕ አፍ ይከፍታሉ። ሰው ሰጥሞ ቤተሰቡ ዳር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ደግሞ የጎረሱትን ሳይውጡ ይነሡ ነበር።

ስለ መሣሪያቸው ጥንቁቅ ነበሩ። ከአየር ሲሊንደሩ ተነሥቶ በትከሻ ዞሮ አፍ የሚደርሰው ቱቦ ካጠረ፣ አንገት በዞረ ቁጥር አፍ ይጎትታል፣ መንጋጋ ያደክማል፤ ከረዘመ ደግሞ በጎን ተንጠልጥሎ ሐረግ ይይዛል ይሉ ነበር። መጋጠሚያው የሚዞር ከሆነ ቱቦው ከሰውየው ጋር እንደሚዞር፣ ውሃ ውስጥ ምቾት ቅንጦት አለመሆኑን፣ ያልተመቸው ሰው ስለ አፉ ሲያስብ እጁን እንደሚረሳ ለጠየቃቸው ሁሉ ያስረዱ ነበር። ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የቆጫቸውም ማወቃቸው ነው።

በ1971 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በቆቃ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ እርሻ ፓምፑ ተዘግቶ፣ አትክልቱ ሊደርቅ ነው ብሎ መኪና ላከባቸው። አብሯቸው የሚሠራው ገርባ ሆራ፣ የቆቃ ተወላጅ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቁመቱ ረዥም ወጣት ነበር። ከሁለቱ መተንፈሻዎች ባለ ለስላሳ ቱቦውን፣ መጋጠሚያው የሚዞረውን፣ አቶ ሙሉብርሃን ራሳቸው አደረጉ። ለገርባ አጭሩና ደረቁ ደረሰው። ለእሱ ልክ የሚሆን ረዥም ቱቦ መደርደሪያ ላይ ነበረ፤ ማሸጊያ ላስቲኩ፣ ጎሚኒው፣ ተቀይሮ እስኪገጠም ግን ግማሽ ቀን ይፈልግ ነበር፣ መኪናውም ሞተሩ ሳይጠፋ በር ላይ ቆሟል።

ውሃው ዳር ሲደርሱ ገርባ፣ “ጋሼ፣ ቱቦው አፌን ይጎትተኛል” አላቸው።

“ዛሬን ቻለው፤ ነገ እቀይርልሃለሁ” አሉት።

ውሃው ድፍርስ ነበር። አቶ ሙሉብርሃን ጓደኛቸው ከአጠገባቸው መራቁን ሲያውቁ በዳሰሳ ፈለጉት። ሲያገኙት በአፉ የያዘው የቱቦው ጫፍ አምልጦት፣ እጁ ሊደርስበት ከማይችልበት ከጀርባው ተንጠልጥሎ ነበር። ተሸክመው አወጡት፤ ዳር ላይ የሚደረገውን ሁሉ አደረጉ፤ ገርባ ግን አልተመለሰም።

ነገሩን ያጣሩት ሰዎች ድንገተኛ አደጋ ነው አሉ፤ አገሩም ውሃ ወሰደው አለ። አቶ ሙሉብርሃን ግን በሣልስቱ ብቻቸውን ወደ ለቅሶው ቤት ሄደው፣ በገርባ አባትና በገርባ ሚስት በወይዘሮ ሻሼ ፊት ቆመው በኦሮምኛ ተናገሩ፦ “የሚመቸውን እኔ ይዤ፣ የማይመቸውን ለእሱ ሰጠሁ። ነግሮኝም ነበር።”

አባትየው አቶ ሆራ፣ የነገረህ ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብለው ጠየቁ። ከመግባቱ በፊት ነው አሏቸው። ወይዘሮ ሻሼ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሂድ ያላቸውም፣ ተቀመጥ ያላቸውም የለም፤ እስኪመሽ እንደቆሙ ዋሉ።

በዓመቱ ሽማግሌ ገብቶ እርቅ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በየአጨዳው ወደዚያ ቤት እየሄዱ እንደ ልጅ ያጭዱ ነበር። ውሃ ግን እስከ 1974 ዓ.ም. አልገቡም። በዚያ ዓመት ላንጋኖ ላይ አንድ ሰው ሰጥሞ እናቱ ደጃቸው ድረስ መጥታ ስትለምናቸው እንደገና ገቡ። አብሯቸው ለሚጠልቅ ሁሉ ምቹውን እየሰጡ አጭሩን ቱቦ ራሳቸው ያደርጉ ጀመር። የግራ መንጋጋቸው አብጦ እህል ማላመጥ አቃታቸው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ይህ ገርባን አያስነሣውም ብለው ቢለምኑም፣ ጭራሽ ቱቦውን በሌላ ባለሙያ ቢያስቀይሩትም፣ እሳቸው አጭሩን መልሰው ገጠሙት። በላንጋኖ ያስተማሯቸው ጀልባ ነጂዎች እንደሚመሰክሩት፣ ከመግባታቸው በፊት እያንዳንዱን አንገቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ያስዞሩት ነበር። አንዱ አልተመቸኝም ካለ ሥራው ይቆማል፤ ማንም ይቸኩል፣ ማንም ይቆጣ።

በ1981 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመው ናዝሬት ሆስፒታል ተኙ። ወይዘሮ ሻሼ ከቆቃ መጥተው ሲጠይቋቸው፣ አቶ ሙሉብርሃን እንደ ልማዳቸው ይቅር በይኝ አሏቸው።

ወይዘሮ ሻሼም፣ “እኔማ ድሮ ይቅር ብያለሁ፤ አልቀበልም ያሉት እርስዎ ነዎት” አሏቸው።

አቶ ሙሉብርሃን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማታ ልጃቸውን አየለችን ጠርተው፣ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የገርባ ነገር እንዳይዘለል አዘዙ። ቤተሰቡም ትእዛዛቸውን ፈጽሟል።

አቶ ሙሉብርሃን ኅዳር 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሮማነወርቅን፣ ልጆቻቸውን አየለችንና ንዋይን፣ እንዲሁም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ሐዘን የተቀመጡትን ወይዘሮ ሻሼን ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ ከሰው እጅ መቀበል ያቃታቸውን ይቅርታ ከእሱ እጅ ይቀበሉ ዘንድ ይርዳቸው። አሜን።