ድሬዳዋ በሰላም ገባሽ ወይ?

ወረታ፣ ማክሰኞ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለፍሬህይወት፣

ጤናሽን ሳልጠይቅ በትእዛዝ ልጀምር ነውና ይቅር በይኝ። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። የተሰበረውን ስልክሽን ከጠጋኙ ስትቀበዪ ያንን አብሮት የመጣውን የመልእክት ፕሮግራም እንዳትነኪው። የምትኖሪበትን ቤት ደግሞ ዛሬውኑ ልቀቂ፤ ነገ አትበዪ። ባልሽ እንግዳው ያለሽበትን ከተማ ያውቃል።

ይኸው ጻፍኩት። ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሩዝ አረም ስመለስ እንግዳው ከሐሙሲት መጥቶ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ስኳር ይዞልኛል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፤ ሰው አክባሪ መምሰል መቼም ያውቅበታል። ከእሱ አምልጠሽ ከሄድሽ አራት ወር ሆኖ ሳለ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ርብ ወንዝ መሙላት፣ ስለ ከብቶቹ ሲያወራኝ ቆየ። ሊሄድ ሲነሣ፣ "እናቴ፣ ፍሬ እሁድ እሁድ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ለምዳለች አሉ። ብርዱ እንዳይመታት ይምከሯት እንጂ" አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ።

ሐዋሳ መሆንሽን እዚህ አገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የሐይቁን ነገር ደግሞ በድምፅ የላክሽው ለእኔ ብቻ ነው፤ ለጎረቤቴ ለይታይሽ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

በማግስቱ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልዬ ገበያው አጠገብ ስልክ የምትጠግነው ሰገን ዘንድ ሄድኩ። "ይህን የመልእክት ነገር ነቅለሽ ጣይልኝ" አልኳት።

"እትዬ ሸጌ፣ ይሄ እኮ ከስልኩ ጋር የተሠራ ነው። ተነቅሎ አይወጣም፤ እንዳይሠራ አድርገን ብናስተኛው ነው የሚሻል" አለችኝ። ልታስተኛው ከፈተችውና እጇ ቀጥ አለ። "ማን ነው ይህን የከፈተልዎ?"

"አማቼ።"

"ሌላ ስልክ ተያይዞበታል። እርስዎ የሚልኩትም፣ የሚመጣልዎትም እዚያኛው ላይ እኩል ይደርሳል።"

ትዝ ይልሻል አይደል? በመልስሽ ዕለት ነው ስልኩን ያመጣልኝ። የተጠራው ሰው ሁሉ እያየ ከካርቶኑ አወጣው፤ ፕሮግራሙን ራሱ ከፈተና "ይኸው እናቴ፣ ከእንግዲህ ከልጅዎ አይለዩም" ብሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። እልልታው ቀለጠ። አማች በመልስ ያመጣውን ስጦታ ማን ገልብጦ ያያል? ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ መረቅሁት። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ዕቃ ገመናችንን አወራን። ክንድሽን ሰብሮሽ የመጣሽ ጊዜም በሽማግሌ የመለስኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ አንድም ቀን አላነሣሽብኝም፤ እኔ ግን ሳላነሣው የዋልኩበት ቀን የለም።

ሰገን ሌላ ፕሮግራም እንምረጥ አለችና ሦስት አሳየችኝ። አንዱን የወረታ ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ግን ገና ስትገቢ ቁጥርሽን ለያዘ ሁሉ "መጣች" ብሎ ይናገራል። እንደዚህ ያለ ወሬኛ በሰፈራችንም አላጣሁ፤ ይቅርብኝ አልኳት። ሁለተኛው መልኩ ያማረ ነው፤ እሱም ስልክሽ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ ካላየሁ ይላል። ሦስተኛው ቁጥር አይጠይቅም፤ ራስሽ ባወጣሽው ስም ብቻ ይሠራል፤ የተላከውም በሳምንቱ ይጠፋል። እሱን መረጥኩ። የፕሮግራሙን ስም ሰገን በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፋልሻለች። እኔን የምታገኚበት ስም ግን ያቺ በጎርፉ ዓመት የሞተችብሽ ጥጃ ስም ነው። እዚህ አልጽፈውም። እንግዳው ወደ ቤታችን ሳይመጣ ስለሞተች አያውቃትም።

ከዚያ ሰገን አሮጌውን ልታስተኛው ስትል "ቆይ" አልኳት። ከተዘጋበት መንቃቴን ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐዋሳ ነው። "እንዳለ ተይው" ብዬ ይዤው ወጣሁ።

ስልክሽን ለጥገና መስጠትሽንና እስከ ወሩ መጨረሻ እንደማትቀበዪው በጓደኛሽ ስልክ ደውለሽ ነግረሽኝ አልነበር? በዚያ ቁጥር ሰገን ከራሷ ስልክ ደጋግማ ሞከረች፤ ዝግ ነው። እንግዲህ አንቺ እንደማትሰሚኝ፣ እሱ ግን እንደሚሰማኝ አውቄ፣ ሐሙስ ዕለት ሩዙ መሐል ብቻዬን ቆሜ በአሮጌው ድምፅ ላክሁ። "ፍሬዬ፣ ድሬዳዋ በሰላም ገባሽ ወይ? ትናንት ስትደውይልኝ ደስታዬ ልክ አልነበረው። ሐዋሳን መልቀቅሽ ደግ አደረግሽ። ከዚራ ሰፈር ያገኘሽው ቤት ሙቀቱ እንዴት ነው?" እያልሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ናፍቆት ይመስለዋል ብዬ ተጽናናሁ። ቅዳሜም ደገምኩት።

ትናንት ደሳለው፣ የአባትሽ የክርስትና ልጅ፣ እንግዳውን መናኸሪያ አየው። ሻንጣ ይዞ ድሬዳዋ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይጠይቅ ነበር አለኝ። አሳሳትኩት መሰለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈርቻለሁ ልጄ። ቢጠራጠርስ? አዲስ አበባ ሲደርስ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሐዋሳ ቢታጠፍስ? ለዚህ ነው ቤቱን ዛሬውኑ ልቀቂ የምልሽ። ደሳለው ነገ ሩዝ ጭኖ ወደዚያው ይወርዳል። ደብዳቤውን ለአንቺ እጅ እንጂ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

ስለ እኔ አታስቢ። አንጥረኛው አድማሴ ለቤቴ በር ወፍራም የብረት መወርወሪያ ሠርቶልኛል፤ ለነፋሱ ነው። ይታይሽም ቤቷ ስለሚያፈስ ከእኔ ጋር እያደረች ነው። አምና ያስመታችው አዲስ ቆርቆሮ እንዴት እንደሚያፈስ ብቻ አትጠይቂኝ።

ስልክሽን ስትቀበዪ አሮጌውን ጠጋኙ ያስተኛልሽ። ምናልባት ከዚያ በፊት ድምፄ ተከፍቶ ብትሰሚው አትደናገሪ፤ የድሬዳዋው ወሬ ሁሉ ለእሱ የተነገረ ነው። መጨረሻው ላይ ግን እያለቀስኩ "ማሪኝ ልጄ" ያልኩት አለ። እሱን ለአንቺ ነው ያልኩት።

በአዲሱ ጠዋት ጠዋት "ደህና አደርሽ" እልሻለሁ። አንድ ቀን ዝም ብል መብራት ጠፍቶ ነው በይ። ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብልም ርብ ሞልቶ ነው በይ። እንዳትመጪ ብቻ። ማንም ምንም ቢነግርሽ፣ ስለ እኔ ምንም ብትሰሚ፣ እንዳትመጪ።

እመቤቴ የፊትሽን መንገድ ታቅናልሽ፤ የኋላሽን ዱካ ታጥፋልሽ።

እናትሽ ሸጌ