በቤንዚን የታጠቡት ማግኔቶች

አያት ሰፈር፣ ማክሰኞ

ለውድ አባቴ፦

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? አራተኛ ፎቅ መውጣትና መውረዱ እንዳያባብስብዎ እሰጋለሁ፤ የታዘዘልዎን ቅባት አያቋርጡ። እኔ ከእሑድ ጀምሮ አክስቴ ዘንድ ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ደህና ነኝ ልልዎት ግን አልችልም።

ጎረቤታችን ጋሽ እሸቴ መልእክትዎን ትናንት አድርሰውልኛል። ከበሩ ሳያልፉ ቆመው፣ አባትሽ እሮብ ሲመሽ ነይና ሰሌዳውን ግጠሚው፣ ሐሙስ የውድድሩ ዳኞች ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ ተመልሰሽ ሂጂ ብለውሻል አሉኝ። እሳቸው ሳይቀልዱ አይሄዱምና፣ ሌባ እንኳ እንዲህ በሰዓት ተቀጥሮ አያውቅም ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

አባዬ፣ እሑድ በቤንዚን ያጠቡት ምን እንደሆነ የተረዱ አይመስለኝምና ከመነሻው ልንገርዎ።

አብዱልጀባር ሱቅ ስፒከር መጠገን ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ስፒከር ሲቃጠል ከጀርባው ያለው ክብ ማግኔት አብሮ አይሞትም። ሰው የሚጥለውን ያንን እየለቀምኩ አጠራቀምኩ። ሁለት ማግኔቶች በተመሳሳይ ፊታቸው ሲገናኙ ይገፋፋሉ። ግማሾቹን ከሥር ሐዲድ ላይ፣ ግማሾቹን ከሰሌዳው ሆድ ላይ ብደረድራቸው፣ ሰሌዳው ሰው ተሸክሞ አየር ላይ ይቆማል ብዬ አሰብኩ። አልቆመም። ወር ሙሉ ወደ ጎን እየሾለከ ሲጥለኝ ከረመ። በመጨረሻ በግራና በቀኝ የእንጨት ግድግዳ ሠራሁለት፤ ሰሌዳው ግድግዳውን ታክኮ እንዲሄድም የሻንጣ ጎማ ገጠምኩበት። አብዱልጀባር አይቶ፣ ታዲያ ይሄ መንሳፈፍ ነው ወይስ መደገፍ ብሎ አላገጠብኝ። ክብደቱን የተሸከመው ማግኔቱ ነው፣ ግድግዳው እንዳይሸሽ ብቻ ነው የሚጠብቀው አልኩት። ዘጠና ኪሎ ሰው ነው፤ ራሱ ወጣበት። በሰሌዳውና በሐዲዱ መካከል ወረቀት አሳልፌ አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ አላላገጠም።

አንድ ቀን እንደተገጠመ ይዤው ወደ ቤት፣ ወደ ሰሚት ስመለስ ከሚኒባሱ ወለል ላይ ተጣብቆ አልነሳ አለ። ረዳቱ፣ እህት፣ መኪናውን ይዘሽ ልትወርጂ ነው ወይ ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ማግኔቶቹ እየወጡ የሚገቡ አደረግኋቸው። የአሮጌ ስፒከር ማግኔት ደግሞ እኩል ጉልበት የለውም። ደካማው መሐል፣ ጠንካራው ዳር ካልሆነ ሰሌዳው ያጋድላል። ስለዚህ የስድሳ አራቱንም የመግፋት ጉልበት ከሥራ መልስ በወጥ ቤት ሚዛን አንድ በአንድ ለካሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ለደካማው አንድ፣ ለመካከለኛው ሁለት፣ ለጠንካራው ሦስት ነጠብጣብ በቀይ የጥፍር ቀለም አደረግሁበት፤ ማርከር በእጅ ላብ ይለቃልና። የትኛው ፊት ወደየት እንደሚዞርም የማውቀው በዚያው ነው። ሌላ ቦታ አልጻፍኩትም። ሥራዬ ያለው እዚያ ላይ ነበር።

የፈጠራ ውድድሩን ቅጽ እንዲያስገቡልኝ ለእርስዎ የሰጠሁት ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ስለሆኑ ነው። የባለጉዳይ የአያቱ ስም ተሳስቶ ከመጣ ፋይሉን የሚመልሱ ሰው ነበሩ። አለቃ ቢቆጣም አልቀበልም ብለው መመለስዎን እራት ላይ ስንቴ ነግረውናል። የልጅዎን ስም ግን ከነአካቴው አወጡት።

ቅዳሜ ቦሌ አዳራሹ ውስጥ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተንበርክኬ ገጣጠምኩ። ቤተሰብ ከኋላ ይቀመጥ ሲባል ሄጄ ተቀመጥኩ፤ እስኪጠሩኝ። የተጠራው ታናሼ ጸጋአብ ነው። መጀመሪያ የተሳሳቱ መስሎኝ ተነስቼ ነበር። እርስዎ ክንዴን ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጡኝና፣ አንቺ ነገ ባል ታገቢያለሽ፣ የሚሸለመው የሥራ ቦታ ለወንዱ ይሁን፣ ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው አሉኝ። ባል የሚባለውን ሰው እኔ አላውቀውም። የሥራ ቦታውን ግን አውቀዋለሁ። እዚያው ሰሚት ነው፤ ለአንድ ዓመት በነጻ፤ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ አራት ጊዜ ሄጄ በውጭ አይቼዋለሁ።

ጸጋአብም ያውቅ ነበር። ቅጹ ላይ የፈረመው እሱ ነው። ስሙ ሲጠራ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ አንገት መድፋት ግን አልወጣም ማለት አይደለም። ከኮሪደሩ ስንመለስ ሰሌዳው ላይ ቆመ፣ ተንሳፈፈ፣ ተጨበጨበለት። አንዷ ዳኛ ቀያዮቹ ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው ብትለው ወደ እርስዎ ዞረ። እርስዎ ከኋላ ወንበር ጮክ ብለው፣ የእህቱን የጥፍር ቀለም ሰርቆ ነው አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ማግኔቶቹን በቤንዚን ጨርቅ ሲያብሱ አገኘሁዎት። ስድሳ ሦስቱን ጨርሰዋል። የወንድ ሥራ ላይ የጥፍር ቀለም ምን ይሠራል አሉኝ፤ የመጨረሻውንም እያየሁ ፊት ለፊቴ አበሱት። ያን ቀን ከቤት የወጣሁት ስላኮረፍኩ አይደለም። ብቆይ ኖሮ ከአፌ የሚወጣውን ፈርቼ ነው።

አሁን ዳኞቹ ሽልማቱን ከመስጠታችን በፊት ሐሙስ ቤት መጥተን ሰሌዳው ተፈታቶ ሲገጠም እናያለን ማለታቸውን ሲሰሙ አስታወሱኝ። ጸጋአብ ሞክሮ ሰሌዳው በአንድ ጎኑ እንደወደቀም ሰምቻለሁ። ምን ያድርግ?

እሮብ አልመጣም። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ከዳኞቹ ጋር በዋናው በር እገባለሁ። የሠራሁት እኔ መሆኔን ነግሬ፣ እነሱ እያዩ እገጥመዋለሁ። ሰሌዳው ያን ቀን ላይነሳ ይችላል። የሥራ ቦታውም ሊቀር ይችላል። ቢቀር በእኔ ስም ይቅር።

አልጋ ሥር ያለውን ሳጥን ከፍተው ባዶ ቢያገኙት ሌባ ገባ ብለው እንዳይደነግጡ። ማግኔቶቹ ዛሬ ጠዋት እዚህ ደርሰዋል፤ ሃያ ስድስቱ እንደገና ተለክተዋል። ከሰዓት ላይ ሁለቱ ተላትመው የቀኝ እጄን ጣቶች መሐላቸው ጨፈለቁብኝ። አጥንት አልተነካም፤ ብዕር መያዝ ግን አልቻልኩም። ስለዚህ እኔ እየተናገርኩ ሌላ ሰው ጻፈልኝ። የእጅ ጽሑፉን ያውቁታል። ከተናገርኩት አንድ ቃል እንዳልቀነሰ አንብቤ አይቻለሁ። የቅጹ ፊርማ ላይ ስንደርስ ብቻ ብዙ ቆየ፤ ዝለለው ስለው እምቢ አለኝ።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ቤትዎንም ሰላም ያድርግልን።

ልጆችዎ