ስለ ግራጫው ሱሪህ

እንደሻው፣

ቆመህ አታንብበው፤ መጀመሪያ ቁጭ በል።

ትራክተሩን አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ አቁሜዋለሁ፤ እንዳትነካው። አንተ ትናንት ሜዳ ላይ ገትረኸው ሄደህ ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ ሲገፋልኝ አረፈደ። ይህ አሮጌ በግፊ ካልሆነ እንደማይነሳ ስንቴ ልንገርህ?

ከተነሳ በኋላ ደግሞ ካቆምኩት ሞተሩ ይጠፋል። ገፊዎቹ ተሳድበው ሄደዋል፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ስለዚህ ድርቆሹን ሳልቆም ሳስር ዋልኩ።

አሁን ወደ ሱሪው።

የታጨደ ሳር ላይ ልብስ አታስጣ ብዬህ ነበር። ከሩቅ አይቼዋለሁ፣ አልዋሽህም። ሱሪውን አየሁ፣ ሰማዩን አየሁ፣ ነዳሁ። ማሰሪያው ማሽን ከነሳሩ ዋጠው፤ በሲባጎ ጥፍር አድርጎ አስሮ ከኋላ ተፋው። ከዛሬዎቹ እስሮች ሁሉ ያማረው እሱ ነው።

ከሌሎቹ እስሮች ጋር ተቀላቅሎ የቱ እንደሆነ ሳልለየው አይሱዙው መጥቶ ሁሉንም ጭኖ ሄደ። የገዙት የበቆጂው ጋሽ ሣህሌ ናቸው።

አዎ፣ የመቅደላዊት አባት። እሁድ ሽማግሌ የምትልክባቸው።

ላሞቹ ሳይደርሱበት ላወጣው በሚኒባስ ተከትዬ ሄጃለሁ። የኔን ጥቁር ሱሪ አልጋህ ላይ ትቼልሃለሁ። ያጥርሃል፤ ዝም ብለህ ልበሰው፣ አትመልሰውም።

አንድ ነገር ግን። መታወቂያህን ቤቱን ሁሉ ፈልጌ አጣሁት። ከግራጫው ሱሪ ኪስ ሳታወጣ ነው ያጠብከው?

እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ልጁ ማን እንደሆነ ለማስረዳት አይቸገሩም።

ኦብሳ