ባለቤቴን ከዘበኛዎ ጋር ለቋጠሩልን ለባላምባራስ አባይነህ

ለክቡር ባላምባራስ አባይነህ፣ የዶሮ ማነቂያ ዘበኞች አለቃ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ያ ሲፈልግ ብቻ የሚያይ ዓይንዎ ደኅና ነውን? እኛ ባልና ሚስት፣ ከፊት ጥርሶቼና ከባለቤቴ ከትብለጽ ቀኝ ክንድ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ከመረብ ማዶ ተነሥተን፣ አዲስ አበባ ለአናጢ ሥራ የሞላባት ከተማ ናት ሲሉን ሰምተን፣ በዚህ ክረምት ከሰፈርዎ ቤት ተከራየን። ‹በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ› የተባለው ለእኛ መሆኑን ያወቅነው ዘበኛዎ ደምመላሽ የአጥር ጎረቤታችን መሆኑን ስናይ ነው። ስለ አቀባበልዎ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ፤ አራዳም ይስማልኝ ብዬ ወረቀቱን ገበያው ዳር ካለው ዛፍ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ደምመላሽ በቅሎውን ዘወትር ከደጃችን እያሰረ መግቢያ ቢያሳጣን፣ ትብለጽ ፈትታ ከራሱ አጥር አሰረቻት። እሱም በዱላ ክንዷን ሰበረው። አጥንቱ ሲሰበር ቤት ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። በቅሎዋ ምንም ስላልሆነች ደስ ብሎናል።

ሁለተኛ፣ የአናጢ እጅ ደካማ አይደለምና፣ ወጥቼ ዱላውን ነጥቄ ጭቃው ላይ ጣልሁት፤ አልዋሽዎትም፣ ልገድለው ነበር። ከሥሬ ሆኖ ‹በሕግ አምላክ!› ብሎ ጮኸ። በዚህ ከተማ ይህ ቃል ሲጠራ እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ብለው ጎረቤቶች መክረውን ነበርና፣ አገሩን ልምሰል ብዬ ዱላውን ጥዬ ቆምሁ። እሱም ተነሥቶ በዚያው ዱላ አፌን አለኝ። ሕግ የሚጠራው ሰው ራሱ መቆም እንደማይገባው የነገረን አልነበረም፤ ጥርሴን ከደሜ ጋር እየተፋሁ ተማርሁት።

ሦስተኛው ግን ይበልጣል። ልንከስ ከደጅዎ ብንቀርብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ እስኪፈረድ ተቆራኝተው እንዲቆዩ ልማድ ነው ብለው፣ የትብለጽን ነጠላ ጫፍ ከደምመላሽ ጋቢ ጫፍ ጋር በገዛ እጅዎ ቋጠሩት። ዋስ ካላመጣች ወይም ክሷን ካልተወች አትፈታም፤ ቋጠሮውን የፈታ፣ ልብሱንም ጥሎ የሸሸ በጅራፍ ይገረፋል ብለው አዘዙ። ትናንት የመጣ ሰው ዋስ ከየት ያመጣል? በዚህ ከተማ ያወቅነው ሰው ቢኖር የሰበረን ሰው ነው።

በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ደምመላሽ ክሷን እንድትተው ቋጠሮውን እየሳበ ያበጠ ክንዷን ሲያሳምማት፣ እርስዎም ከወንበርዎ ላይ ሆነው ሲስቁ አየሁ። ባላምባራስ፣ በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም። ትብለጽ ግን አላለቀሰችም፤ ዋስ ማምጣት ይፈቀዳል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችዎ፣ እርስዎም ከፈለገችበት ታምጣ አሉ። ስለዚህ ቸርነትዎ እጅ እነሣለሁ።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ የሚስቁበትንም ጥርስ እንደ እኔ ጥርስ ከመርገፍ ይጠብቅልዎ።

ጎረቤትነትዎን እስከ መቃብር የማይረሳው፣
ገብረአብ አናጢው

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስሁት፦ ትብለጽ በፈቃድዎ መሠረት ዋሷን ልታመጣ ወደ አባቷ አገር ወደ ሐማሴን ተነሥታለች፤ ይህን ሲያነቡ እንጦጦን አልፈናል። ጅራፍዎን ስለሚፈራ ደምመላሽም ከነቋጠሮው አብሯት ይሄዳል፤ እግሩ እንዳይዝል እኔ ያን ዱላ ይዤ በአክብሮት ከኋላው እከተላለሁ። ወንድሞቿ ብዙ ናቸው፣ እጃቸውም ከባድ ነው፤ ‹በሕግ አምላክ› ቢላቸው እንደ እኔ የሚቆሙ አይመስለኝም። በዚያ አገር እንግዳው እሱ ነውና፣ ዋስ ካለው ፈጥነው ይላኩለት።