ሳይሞቱ የተጠመቀ ጠላ

ጥር 8
ማንኩሳ ገባሁ። ከፍኖተ ሰላም በባጃጅ፣ አቧራ ለብሼ። በምኖርበት አገር፣ ካልጋሪ ላይ ጠበቃዬ ያለችኝ ከጆሮዬ አልወጣም… የመኖሪያ ፈቃድሽ ሳይወሰን ከአገር ባትወጪ ይሻላል፤ ከወጣሽም ቪዛሽ ሳያልቅ ተመለሺ፤ አለዚያ ማመልከቻሽን ተዪው። ቪዛው ጥር 24 ያልቃል። አምስት ዓመት የጠበቅኩት ወረቀት! በየቀኑ ስልኬ ላይ የማየው፣ "በሂደት ላይ" ብቻ የሚለኝ።

ለምን መጣሁ? ለአባዬ ተዝካር። አባዬ ራሳቸው በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ወፍረዋል እንዲያውም።

ጥር 9
የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ ነው፤ ጥር 18። እኔ ስሞት ወረቀትሽ አይለቅሽም፣ አሁን ብዪልኝ ጠጪልኝ ነው ነገሩ። እህቴ አምለሰት ጠላውን ጠንስሳለች። ሟቹ ደግሞ ጌሾው አነሰ እያሉ ይነዘንዟታል። እንዲህ ያለ ሟች የት አለ?

ጥር 12
በጥምቀት አባዬ ከታቦቱ ኋላ ሲጨፍሩ ዋሉ። እኔ ደክሞኝ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ።

ጥር 16
አያ ይሄይስ ሞቱ። ጎረቤታችን… በአንድ ባሕር ዛፍ የተነሳ ከአባዬ ጋር ተኳርፈው የኖሩት። አባዬ ሲሰሙ፣ "ሆን ብሎ ነው" አሉ። መሳቅ ነውር ነው። ሳቅኩ።

የአባዬ የነፍስ አባት ቄስ ዘሚካኤል መጡ። ጎረቤት ሐዘን ተቀምጦ ድግስ አይሆንም፣ ቀጥሎ ሁዳዴ ይገባል፣ ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ይሁን አሉ። ከፋሲካ በኋላ እኔ የት ልሆን? አምለሰት "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" አለችኝ። ከዚህስ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ጥር 17
ጠላው ደርሷል፤ ፋሲካን አይጠብቅም። አባዬ ጠዋት ተነስተው ሁሉንም አሸክመው ወደ አያ ይሄይስ ቤት ወሰዱት። እዝን ነው አሉ። ለለቀስተኛው ራሳቸው ቆመው ቀዱ፤ ማንንም አላስነኩም። ሲጨርሱ ጥግ ይዘው አለቀሱ። የምር ለቅሶ።

ጥር 20
ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ። የባሕር ዳር መኪና እስኪሞላ…

ትናንት ልቅር እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከልቤ ነበር፤ ወረቀቱ ገደል ይግባ ብዬ። ዛሬ እዚህ ድረስ ሸኙኝና መኪናው በር ላይ ያዙኝ።

"ተዝካሬን ይሄይስ ጠጣብኝ" አሉ። "እንግዲህ ያለ ተዝካር አልሞትም። ወረቀትሽን ጨርሰሽ ነይ፣ ያኔ እንደገና እንጠምቃለን።"

ከዚያ ጥሩ ወንበር አልሰጣትም ብለው ረዳቱን ሊጨቀጭቁ ሄዱ።

ጥር 23
ካልጋሪ። አለፍኩ። ኬላው ላይ ያለው ሰውዬ ለምን ሄደሽ ነበር አለኝ። ለአባቴ ተዝካር አልኩ። አንገቱን ደፍቶ አዘነልኝ… ምን ብዬ ላስረዳው?

ቤት ገብቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬን ከፈትኩ። "በሂደት ላይ" ይላል።

እሰይ። ይቆይ።