የዮሃና የልደት ሰዓት

ለተከበሩ ወንድሜ ለመሪጌታ ወልደየስ

ከዴንሃግ፣ ከስኪልደርስዋይክ ሰፈር እጅ እነሳለሁ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እኔ ግን በንዴት ጨጓራዬ ተቃጥሏል።

ዮሃና ልታገባው ያለችው አሽዊን ሂንዱ መሆኑን ነግሬዎት ነበር። እናቱ ኮከባቸው ካልታየ ሠርግ የለም ብላ፣ ፓንዲት የሚሉትን ኮከብ ቆጣሪያቸውን ቤቴ ድረስ ይዛብኝ መጣች። ሰውዬው ቆጥሮ ቆጥሮ «ማንጋል ዶሻ አለባት» አለ። ማርስ ክፉ ቦታ ተቀምጦባታልና ባሏን ትቀብራለች ማለቱ ነው። በገዛ ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ፣ ሻዬን እየጠጣ! እናትየዋም ከዚያ ወዲህ ልጄን በክፉ ዓይን ነው የምታያት።

ኋላ ሳስበው ለካ ሰዓቱ ተሳስቷል። እኔ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተወለደች ብዬ ነበር፤ እሱ የፈረንጅ ሌሊት ሁለት ሰዓት አድርጎታል። ደውዬ ልክ ልኩን ነገርኩት። እንደገና እቆጥራለሁ አለ። ቆጥሮ ይሆናል፣ ሰሞኑን ይደውላል፤ አላነሳለትም። ምን ሊለኝ!

አሽዊን ደህና ነው። ትንሽ ከስቷል፤ ትራም ለመያዝ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሐኪም ቤትም ይመላለሳል። የዚህ አገር ብርድ ነው።

እርስዎም ከሰውዬው አይሻሉም። ዮሃና የተወለደች ዕለት በስሟና በስሜ ኮከቧን ቆጥረው፣ ገንፎውን ሳይቀምሱ ተነስተው ወጡ። ያኔ ለምን ብዬ አልጠየቅሁዎትም፤ አሁንም እንዳይነግሩኝ።

ለቤተ ሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ጸሎት ሲያደርጉ የአሽዊንንም ስም ያንሱልኝ። የክርስትና ስም የለውም፤ እንዲሁ አሽዊን ይበሉት።

እህትዎ ሰገነት